ፍሬት አልባ ኤሌክትሪክ ጊታር በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊታሬን ያዩ ተማሪዎች፣ የባንድ ልጆችና የሠርግ ታዳሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ፍሬት አልባ ጊታር ማለት ምን ማለት ነው?

የተለመደው ጊታር አንገቱ ላይ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተደርድረውበታል፤ ፍሬት የምንለው እነሱን ነው። ክሩን ስንጫን የሚያርፈው ብረቱ ላይ ስለሆነ ጣታችን ትንሽ ወደኋላ ቢቀርም ድምፁ ያው ነው። ፍሬቱ ሲነሣ ግን ክሩ የሚቆመው ጣት ባረፈበት ነው። በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ይከፈታል፤ የመሳሳቻው በርም አብሮ ይከፈታል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ፣ ክሩ፣ አምፕሊፋየሩ ግን እንደነበረ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዑድ የሚባለው የአረቦች ባለክር መሣሪያ ፍሬት የለውም። ፍሬት አልባ ቤዝን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዝነኛ ያደረገው አሜሪካዊው ጃኮ ፓስቶሪየስ ነው። ቱርካዊው ኤርካን ኦጉር ደግሞ መቃም የሚባለውን የአገሩን የዜማ ሥርዓት እንደ ልቡ ለመጫወት በ1976 እ.ኤ.አ. ፍሬት አልባ ክላሲክ ጊታር ሠራ። እኛ ዘንድ ደግሞ መሰንቆ አለ። ስለ እሱ ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ለዚህ ጊታር የሚሆነን አዲስ አጨዋወት ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካለኝ ጊታር ላይ ፍሬቱን ማውጣት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን ብቸኛ ጊታራችሁን አትንኩ። ያረጀ፣ ፍሬቱ ተበልቶ የማይረባ ጊታር ካገኛችሁ እሱ ይበቃል። አንገቱ ቀጥ ያለ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

እኔ የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት በችኮላ ነው። ፍሬቱን በፒንሳ ይዤ ወደ ላይ ስመነጭቀው ጥርሱ ከእንጨቱ ቅርፊት ይዞ ወጣ። አምስተኛው ፍሬት የነበረበት ቦታ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ በጣቴ ይሰማኛል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ የሬዲዮ ጠጋኞች በሚበይዱበት ካውያ ፍሬቱን ከዳር እስከ ዳር አሙቁት፤ ሙጫው ይላላል፤ ከዚያ አፉ ስለታም በሆነ ፒንሳ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ሳትጎትቱ ቀስ በቀስ ብቻ እያነሣችሁ ሂዱ። ወደ ላይ መሳብ የለም፤ ፒንሳው ራሱ በተጨመቀ ቁጥር ፍሬቱን ያነሣዋል። የተረፈውን ቀዳዳ እንጨት ጠራቢ ዘንድ ሄዳችሁ በቀጭኑ በተሰነጠቀ ጠንካራ እንጨት አስሞሉት። እኔ ያስሞላሁት በወይራ ነው። ቀለሙ ከጥቁሩ አንገት ጋር ስለሚለይ ፍሬቱ የነበረበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ መጨረሻ በልሙ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ፍሬት ከእንጨቱ በላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ ነበረው። እሱ ሲነሣ ክሩ በዚያው ልክ ከአንገቱ ይርቃል፤ ስለዚህ ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው የሚያርፉባትን ትንሽ አጥንት በሞረድ ዝቅ ማድረግ፣ በሌላው ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበትን ብሪጅም ማውረድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ “ፍሬት አልባ ጊታር ጣት ያደማል” የሚሉ አሉ። ጣት የሚያደማው የክሩ ከፍታ ነው።

ድምፁ ለምን ቶሎ ይሞታል?

ክሩን የሚያቆመው ብረት መሆኑ ቀርቶ ሥጋ ስለሆነ ነው። የጣት ሥጋ ለስላሳ በመሆኑ የክሩን ንዝረት ይውጠዋል። ስለዚህ አንገቱ በጠነከረ ቁጥር ድምፁ ይረዝማል። አንዳንድ ሠሪዎች አንገቱን በብርጭቆ ወይም በብረት የሚያለብሱት፣ ፓስቶሪየስም የቤዙን አንገት በጀልባ ኢፖክሲ የቀባው ለዚህ ነው። ሳሮድ የሚባለው የህንድ መሣሪያ የብረት አንገት አለው፤ ተጫዋቾቹ ክሩን የሚይዙት በጥፍራቸው ጠርዝ ነው። በጊታርም ሞክሩት፤ ጥፍር ሲነካው ድምፁ ይጠራል፣ ይረዝማልም።

ከፒክአፖቹ ወደ አንገቱ የቀረበውን ብትጠቀሙ ድምፁ ይወፍራል። ኮምፕሬሰር (የድምፁን ከፍታ የሚያመጣጥን መሣሪያ) ወይም ጥቂት ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር) ያረዝመዋል። ሽቦ የተጠቀለለባቸው ሻካራ ክሮች እንጨቱን ይበሉታል፤ ከተገኘ ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለበት ክር ይሻላል። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አጭር ድምፅን መውደድ ልመዱ። ክራርም ድምፁ አጭር ነው፤ ያም ሆኖ ሰው ያስለቅሳል።

ጣቴን የት ላሳርፍ? ሁሌም ከቅኝት እወጣለሁ።

በተለመደው ጊታር ጣት የሚያርፈው በሁለት ፍሬቶች መካከል ነው። እዚህ ግን ፍሬቱ በነበረበት መስመር ላይ ነው፣ ልክ በላዩ። ከጀማሪ ስህተት ግማሹ ይህ ነው፤ እጅ በልማድ ወደኋላ ይቀራልና ድምፁ ዝቅ ይላል።

የሚንቀሳቀሰው ክር 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር፣ ከላይ በኩል፣ ማለትም ከመቃኛው አጠገብ፣ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች በ36 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ኦክታቩ ጋ ስትደርሱ፣ ማለትም ያው ድምፅ በቀጭኑ በሚደገምበት በክሩ እኩሌታ፣ 324 ሚሊ ሜትር ላይ፣ በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል 19 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። ስህተቱም በዚያው ልክ ይከብዳል፦ ግማሽ ቶንን (ከአንድ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለውን የድምፅ ርቀት) 100 ሴንት ብንል፣ ከላይ በኩል 1 ሚሊ ሜትር መሳት ከ3 ሴንት በታች ነው፤ ኦክታቩ ጋ ከ5 ይበልጣል፤ 21ኛው ፍሬት በነበረበት ደግሞ 9 ይደርሳል። ስለዚህ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር የጣታችሁን ጫፍ አቅጥኑ።

ዓይን ግን አስተማሪ አይደለም። አንዱን ክር ባዶውን (ሳትጫኑት) እያስጮኻችሁ በጎረቤቱ ላይ ድምፁን ፈልጉ፤ ሲገጥም ሁለቱ ድምፆች መንቀጥቀጣቸውን ትተው አንድ ላይ ይረጋሉ። በስልክ ያለው ቱነር (የቅኝት መለኪያ) ማረጋገጫ ይሁን፤ መጀመሪያ በጆሮ፣ ቀጥሎ በቱነር። መብራት ሲጠፋም ልምምዱ አይቋረጥ፤ ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ ትንሽ ነው፣ ጆሮ ግን ያን ጊዜ ይበልጥ ይነቃል።

የመሰንቆ ነገር ለምን ይነሣል? እኔ የምፈልገው ጊታር ነው።

እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ሁለት ዓመት ያህል በፍሬት የማውቀውን ሁሉ ፍሬት በሌለው ላይ ደገምኩት፤ የወጣው ትንሽ የተበላሸ ጊታር ነበር። አንድ ምሽት ፒያሳ አካባቢ ካለ አዝማሪ ቤት ገብቼ፣ ፊት ለፊት መቀመጡን ትቼ ከአንድ አንጋፋ አዝማሪ ጎን ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ክር የሆነው የፈረስ ጭራ ከመሰንቆው አንገት ርቆ ተወጥሯል። ጣታቸው ጭራውን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አያስተኛውም። የአመልካች ጣታቸው ጎን ጠንክሮ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል። ድምፁን በቀጥታ አይመቱትም፤ ከሥሩ ተነሥተው ይመጡበታል፣ ጥቂት ያልፉታል፣ ይመለሱና ያርፉበታል። በረፍት ሰዓት ጊታር ተጫዋች መሆኔን ነግሬ ስለ ጣታቸው ብጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ አትጫነው፤ ዳስሰው” አሉኝ።

ያቺን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ አምስቱን ክሮች በጨርቅ አፍኜ በአንዱ ብቻ መጫወት ጀመርኩ። መሰንቆ ባዶውን ጭራ ከአራት ጣት ጋር ይዞ አምስት ድምፅ ያወጣል፤ አንድ ቅኝት ማለት ነው። በጊታር ከላይ በኩል ይህን በአንድ የእጅ አቀማመጥ ማድረግ አይቻልም፤ ለትዝታ ከአመልካች ጣት እስከ ትንሿ ጣት 19 ሴንቲ ሜትር መዘርጋት ይጠይቃል። ከኦክታቩ በታች ግን ይኸው ርቀት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ እጅ ይደርስበታል። ባዶውን ክር ቤቴ፣ ማለትም የዜማው ማረፊያ ድምፅ፣ አድርጌ፣ አራቱን ጣቶች እዚያ አስቀምጬ፣ መዳፌን ሳላንቀሳቅስ መዝፈን ቻልኩ። ለእኔ አዲሱ አጨዋወት የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

ከመንሸራተት ሌላ ምን ዘዴ አለው?

መንሸራተት ቅመም ነው፤ ሁሉም ወጥ ላይ አይነሰነስም። ጀማሪ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሁሉ ሲንሸራተት ጆሮ ይሰለቻል። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፣ በአንድ ሐረግ ውስጥ አንዱ ድምፅ ብቻ ተንሸራቶ ይምጣ፣ ሌሎቹ በቁማቸው ይምጡ የሚል ነው።

ሁለተኛው ማወዛወዝ ነው። በፍሬት ላይ ክሩን ወደ ጎን እንገፋዋለን፤ ድምፁ ከፍ ብቻ ይላል። እዚህ ጣትን በክሩ ርዝመት ወዲያና ወዲህ ማንከባለል ነው፣ እንደ ቫዮሊን። ድምፁ ከመሐሉ ከፍም ዝቅም ይላል፤ የሰው ጉሮሮ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ክሩን የድምፅ ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ምቱት፣ ከዚያ በቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የምቱ ድምፅ ይጠፋና ድምፁ እንደ ደጋን እያበጠ ይመጣል። ግራ እጅ በዚያው ቅጽበት ከሥር ወደ ድምፁ ከተንሸራተተ፣ አዳራሹ ውስጥ መሰንቆ የሚፈልጉ ዓይኖች ታያላችሁ። በእውነተኛ ደጋን የሞከሩም አሉ፤ የጊታር ብሪጅ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ደጋኑ ለብቻ የሚያገኘው ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ክሮች ብቻ ነው። ኢቦው የሚባለው በማግኔት ክሩን የሚያንቀጠቅጥ ትንሽ መሣሪያ ከዚያ ይሻላል።

ኮርድ መጫወት ይቻላል?

ሙሉ ኮርድ (ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ) አስቸጋሪ ነው፤ ስድስት ጣት አይኖረንም፣ ያሉትም አራቱ በአንድ ጊዜ ልክ አይገጥሙም። ሁለት ድምፅ ግን ያምራል፤ በተለይ አምስተኛው ድምፅ (ከዶ ቢነሡ ሶል) ከቤቱ ጋር። ወፍራሙን ክር ከሚ ወደ ሬ አውርዱት፤ ሬ፣ ላ፣ ሬ ሦስቱ ባዶ ክሮች እንደ በገና ከሥር ይጉመተመታሉ፣ ዜማውን በላይኞቹ ክሮች ትጫወታላችሁ። ለእኛ ሙዚቃ ከዚህ የሚበልጥ ኮርድ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

በየትኛው ቅኝት ልጀምር?

በሜጀር ትዝታ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ጆሯችን ከልጅነት ስለሚያውቀው ስህተቱ ወዲያው ይሰማል። ቀጥሎ አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው)። ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያለችው ጠባብ እርምጃ ለዚህ ጊታር የተሠራች ይመስለኛል፤ ጣትን ሳያነሡ ማንከባለል ብቻ ይበቃታል። ባቲን ከእነዚህ በኋላ ያዙ። አንቺ ሆዬን ለመጨረሻ አቆዩት፤ በፋና በሶል ፍላት መካከል ጣት በትንሹ ከሳተ ቅኝቱ ሌላ ይሆናል።

ከኪቦርድ ጋር ስጫወት በትክክል ይዤው እንኳ የተሳሳትኩ ይመስላል። ለምን?

ትክክል ስለሆናችሁ ሊሆን ይችላል። ኪቦርድ ኦክታቩን በ12 እኩል ቦታ የከፈለ መሣሪያ ነው። ዶና ሚ በእሱ ላይ በ400 ሴንት ይራራቃሉ፤ ሁለቱ ድምፆች በተፈጥሯቸው ሳይንቀጠቀጡ የሚገጥሙት ግን 386 ላይ ነው። ጆሮ ብቻውን ሲተው ወደዚያ ያዘነብላል። አዝማሪም ክራር ተጫዋችም ለድምፃቸው ስለሚቃኙ ከኪቦርዱ ጋር አይገናኙም።

ስለዚህ መጀመሪያ አብሯችሁ ያለውን እዩ። ኪቦርዱ ረጅም ድምፅ ይዞ ከቆየ እሱን ተከተሉ፤ ሁለት ሚ በአንድ መድረክ አይኖርም። ከበሮና ቤዝ ብቻ ሲሆኑ ወደ ራሳችሁ ሚ ተመለሱ። አንዳንድ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ዝቅ ወይም ከፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ የኪቦርድ ተጫዋቹን በትሕትና ጠይቁት። ሠርግ ላይ ሲሆን ግን ልምምዱን ቀን አድርጉት፤ እስክስታ እየተወረደ ስለ ሴንት አይወራም።

በጋው ሲገባ ጊታሬ ተለወጠ፤ ምን ሆኖ ነው?

እንጨት ነው። በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፤ አንገቱ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይጎብጣል። ፍሬት ስለሌለ ትንሿ ለውጥ እንኳ ትሰማለች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይና ጥምቀት አካባቢ፣ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት የሚያውቅ ሰው ያስተካክልላችሁ። ከመኪና ውስጥና ከመስኮት ፀሐይ አርቁት።

ለዚህ ጊታር የሚሆን ዜማ ከየት ይመጣል?

የታወቁ ዘፈኖችን ያለ ዘፋኝ መደጋገም ቀላሉ መንገድ ነው፤ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ መድረሻ ግን አይሁን። ዜማው ለሰው ድምፅ ተሠርቶ ቃሉ ሲወጣለት ይጎድላል። ወደ ዘለሰኛ ሂዱ፤ ምቱ ያልታሰረ፣ እያዘገመ የሚሄድ ስለሆነ ለማወዛወዝና ለመንሸራተት ጊዜ ይሰጣል። ወደ ሽለላና ፉከራ ሂዱ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት የሳክስፎንን ባህል አላስቀደመም፤ የሸላዩን ጉሮሮ ነው ወደ መሣሪያው ያስገባው። በጊታር ይህን ሥራ ገና አልጀመርነውም ማለት ይቻላል።

አዲስ ለሚደርስ ሰው ደግሞ የእኛ ግጥም ራሱ ቅርጽ ይሰጠዋል። ሁለት ስንኝ ቤት ይመታል፤ ሁለት የጊታር ሐረግም አንድ ድምፅ ላይ ይውደቅ። እኔ በሰምና ወርቅ ሞክሬዋለሁ፦ የመጀመሪያው ሐረግ ወደ ማረፊያው ከታች ተንሸራቶ ይደርሳል፣ ሁለተኛው እዚያው ድምፅ ላይ ከላይ ወርዶ ያርፋል። ድምፁ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ይለወጣል። በዚህ መንገድ ብቻ አራት አጫጭር ሥራዎች ሠርቻለሁ፤ ሁሉም ከሦስት ደቂቃ አይበልጡም።

እንዴት ይጻፋል? የዜማ ምልክቶችን መጠቀም ነውር አይደለም?

የፈረንጁ ኖታ የት እንደምታርፉ ይጽፋል፤ እንዴት እንደምትደርሱ ግን ብዙም አይነግርም። የቤተ ክርስቲያናችን ምልክቶች ደግሞ በዚህ የበለጸጉ ናቸው፦ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ርክርክ። ጎንደር ደግሞ በከበሮና በጸናጽል የሚታጀበው የአቋቋም ዜማ አገር ናት፤ ይህን የሚያውቁ መምህራን ከደጃችን አሉ። አንድ የዜማ ተማሪ ርክርክን በድምፁ ሲያሳየኝ፣ በጣት ላደርገው ስታገል የነበረውን ወደ ታች የሚንከባለል ድምፅ ስም እንዳለው አወቅሁ።

ምልክቶቹን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ለራሴ እጽፋቸዋለሁ፤ ዜማውን ግን አልወስድም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ጸሎት ነው፤ በአምፕሊፋየር ለመድረክ አላወጣውም። ሌላው የተለየ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል፤ ቢያንስ መምህራኑን ሳይጠይቅ እንዳያደርገው እለምናለሁ።

ከአዝማሪ የተማርኩትን ዜማ ቀርጬ ብሸጥ መብቱ የማን ነው?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውንም የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። ደራሲው የሚታወቅ ዘፈን ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ። አዝማሪው ሲጫወት ቀርጻችሁ ያንኑ ቅጂ ልትጠቀሙ ከሆነም እንዲሁ፤ ክዋኔው የእሱ ነው።

ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ሲሆን ሕጉ ላይ ብቻ አትቁሙ። ያስተማራችሁ ሰው ምሽቱን ሙሉ ቆሞ በሽልማት የሚኖር ነው። እኔ ለትምህርቱ እከፍላለሁ፣ ሥራው ሲወጣም ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስማቸውን አስቀድማለሁ። ሲዘፈን በስልክ ደብቆ ቀድቶ መሄድ ግን ስርቆት ነው።

ከመሰንቆ ጋር አብሬ ስጫወት ማን ለማን ይቃኛል?

ጊታሩ ለመሰንቆው፣ መሰንቆው ለዘፋኙ ጉሮሮ። አዝማሪ ጭራውን የሚወጥረው ለዚያች ምሽት ድምፁ ስለሆነ ከኪቦርዱ ዶ ጋር አይገጥምም፤ ሌሊቱ ሲገፋም ሊወርድ ይችላል። ቱነሩን አጥፉት። ሁለቱን ወፍራም ክሮች ለባዶው ጭራና ለአምስተኛው ቃኙ፣ በየዘፈኑ መሐል ደግማችሁ ፈትሹ።

አምፕሊፋየሩን ከመሰንቆው በታች ዝቅ አድርጉት፤ የፍየል ቆዳ ከስፒከር ጋር አይታገልም። እሱ ከሥር ሲንሸራተት እናንተ ድምፁን ይዛችሁ ቆዩ፤ ሁለት ተንሸራታች በአንድ ጊዜ ይጋጫል። ግጥሙ ሲወርድ ዝም በሉ፣ ሰው የመጣው ግጥሙን ሊሰማ ነው። ቤቱ ተመትቶ ታዳሚው ሲያጨበጭብ፣ አዝማሪው ደጋኑን አንሥቶ ትንፋሽ ሲወስድ አንዲት ክፍተት ትኖራለች። የእናንተ ቦታ እሷ ናት።